አል-ማንሺያ፦ በጥቁር አባይ ዳርቻ ያለው የካርቱም ባለጸጎች ሰፈር እንዴት ተሠራ? ማንስ ይመለስበታል?

ከኢትዮጵያ ደጋማ ስፍራዎች የሚወርደው ጥቁር አባይ ከነጭ አባይ ጋር ሊገናኝ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲቀሩት በግራ ዳርቻው አል-ማንሺያን ያገኛል። አል-ማንሺያ ከሱዳን መዲና ካርቱም እጅግ ውድ የመኖሪያ ሰፈሮች አንዱ ነበር። ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎች፣ ከፎቅ ላይ ወንዙን የሚያሳዩ አፓርትመንቶች እና በዶላር የሚከራዩ ቤቶች መታወቂያዎቹ ነበሩ። የአገሪቱን የእስልምና ፖለቲካ ለዓመታት የመራ ሰው መኖሪያም እዚሁ ነበር።

እአአ ሚያዝያ 15/2023 የጀመረው ጦርነት ግን የሰፈሩን ነዋሪዎች በተነ። ቤቶቹ ተዘረፉ፤ ድልድዩ የጦር ግንባር ሆነ። ጦሩ ዋና ከተማዋን መልሶ ከተቆጣጠረ በኋላ የተነሳው ጥያቄ መንገድና መብራት ከመጠገን ይልቃል። ቤቱ የማን ነው? ለመመለስ አቅሙ ያለውስ ማን ነው? ባዶ የቆየው ሰፈር ሲሞላ የሚሞላው በቀድሞ ነዋሪዎቹ ነው ወይስ በሌሎች?

የት ይገኛል?

አል-ማንሺያ የሚገኘው በካርቱም ከተማ ምሥራቃዊ ጠርዝ ነው። በምዕራብ በኩል አል-ሪያድ የተባለው ሌላ የሀብታሞች ሰፈር ይዋሰነዋል፤ ከዚያም ወዲያ የካርቱም ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ አለ። በወንዙ ቁልቁል ሲኬድ ጥንታዊዎቹ የቡሪ መንደሮች፣ ሽቅብ ሲኬድ ደግሞ ምዕራብ ጀሪፍ ይገኛሉ። ከወንዙ ማዶ ምሥራቅ ጀሪፍ እና ሰፊው የሐጅ ዩሱፍ አካባቢ አሉ።

‘ማንሺያ’ የሚለው ስም መመሥረትን ከሚገልጽ የዓረብኛ ቃል የተገኘ ነው። በግብፅም በዚህ ስም የሚጠሩ ሰፈሮች አሉ፤ በአሌክሳንድሪያ የሚገኘው በስፋት ይታወቃል። ስሙ እንደሚጠቁመው የካርቱሙ ማንሺያ በዕቅድ የተመሠረተ እንጂ እንደ ጎረቤቶቹ ቡሪና ጀሪፍ ከትውልድ ወደ ትውልድ የተሸጋገረ መንደር አይደለም። ይህ ልዩነት በሰፈሩ የቤት ገበያ ላይ ትልቅ አሻራ አሳርፏል።

ከእርሻና ከጡብ ምድጃ ወደ መኖሪያ ሰፈር

ካርቱም ራሷ እአአ በ1821 የኦቶማን-ግብፅ ጦር ሰፈር ሆና የተቆረቆረች ከተማ ናት። በ1885 በማህዲስቶች እጅ ወድቃ ፈረሰች። ከ1898 በኋላ ደግሞ በእንግሊዞች አስተዳደር እንደገና ተገነባች። በዚያን ጊዜ ከተማዋ ከወንዙ ዳር ብዙም ያልራቀች ትንሽ የአስተዳደር ማዕከል ነበረች። የዛሬው ማንሺያ ያለበት አካባቢ ከከተማው ውጪ ሲሆን የወንዙን ደለል እየተከተሉ የሚያርሱ ገበሬዎች የሚኖሩበት ነበር።

‘ጀሪፍ’ የሚለው የጎረቤት መንደሮች ስም ራሱ ውሃው ሲሸሽ ከሚገለጠው የወንዝ ዳር መሬት ጋር የተያያዘ ነው። ጥቁር አባይ በየክረምቱ ከኢትዮጵያ ይዞት የሚመጣው አፈር በዚያ ላይ አትክልትና የከብት መኖ ያበቅል ነበር። ይኸው ጭቃ ካርቱም ለተገነባችበት ቀይ ጡብ ግብዓት ሆኗል። በጥቁር አባይ ዳርቻ፣ በተለይ በጀሪፍ አካባቢ፣ በባህላዊ መንገድ ጡብ የሚተኩሱ ምድጃዎች ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት ሲጨሱ ኖረዋል። የባለጸጎቹን ቪላዎች የሠራው ጡብ ከዚሁ ወንዝ ዳር በተቆፈረ ጭቃ፣ ብዙውን ጊዜ ከሌላ ክፍለ አገር በመጡ የቀን ሠራተኞች የተመረተ ነው።

ከተማዋ ወደ ምሥራቅ እየሰፋች ስትመጣ የእርሻ መሬቱ ቀስ በቀስ ወደ መኖሪያ ቦታነት ተለወጠ። ወንዝ ዳር የነበሩ አርሶ አደር ቤተሰቦች ከቅኝ አገዛዙ ዘመን ጀምሮ በስማቸው የተመዘገበ መሬት ስለነበራቸው አንዳንዶቹ በሽያጭ ተጠቃሚ ሆነዋል። ሌሎች ደግሞ መሬታቸው ለኢንቨስትመንትና ለቤት ግንባታ ሲወሰድ በቂ ካሳ አላገኘንም በሚል ከመንግሥት ጋር ሲሟገቱ ቆይተዋል። በቡሪና በጀሪፍ የመሬት ጥያቄ ሰልፍ የሚያስወጣ ጉዳይ የሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ

የካርቱምን የቤት ገበያ ለመረዳት ከእንግሊዞች ዘመን የተወረሰውን የመሬት አከፋፈል ማወቅ ያስፈልጋል። የመኖሪያ ሰፈሮች አንደኛ፣ ሁለተኛና ሦስተኛ ደረጃ ተብለው ይመደቡ ነበር። ደረጃውን የሚወስኑት የቦታው ስፋት፣ ቤቱ የሚሠራበት ቁሳቁስ እና የሊዝ ዘመኑ ርዝመት ናቸው። አንደኛ ደረጃ ሰፈር ሰፊ ቦታ፣ ረጅም የሊዝ ዘመንና ዘላቂ የግንባታ ቁሳቁስ የሚጠየቅበት ነው። ሦስተኛ ደረጃው ግን ቦታው ጠባብ፣ የሊዝ ዘመኑ አጭር ሲሆን በጭቃ መሥራትም ይፈቀዳል። ከሁሉም በታች ምንም ዓይነት ሰነድ የሌላቸው ሰፈሮች አሉ።

በዚህ አሠራር የአንድ ቤተሰብ ገቢ የሚኖርበትን ሰፈር ብቻ ሳይሆን የመንገዱን ስፋት፣ የውሃ መስመሩንና የይዞታ ዋስትናውንም አብሮ ይወስናል። ማንሺያም ሆነ አል-ሪያድ በከፍተኛው ደረጃ ከሚመደቡት መካከል ናቸው።

በ1925 የወጣው የመሬት ምዝገባ ሕግ የግል ይዞታን በመዝገብ እንዲሰፍር አደረገ። በ1970 የወጣው ሕግ ደግሞ ያልተመዘገበ መሬት ሁሉ የመንግሥት መሆኑን ደነገገ። የሁለቱ ሕጎች ውጤት ግልጽ ነው። በመዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው መሬቱን ይሸጣል፣ ያወርሳል፣ በባንክ ያስይዛል። ስሙ የሌለ ግን ለብዙ ዓመታት ቢኖርበትም ሊነሳ ይችላል።

በሱዳን ቤት ለመግዛት የሚፈልግ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው ‘ሸሃደት ባሕስ’ የሚባለውን ሰነድ ነው። ሰነዱ ከመሬት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት የሚወጣ ሲሆን ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበና ዕዳ ወይም እገዳ እንዳለበት ያሳያል። ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ከይዞታ ማረጋገጫ ካርታ እና ከዕዳና እገዳ ማጣሪያ ጋር የሚነጻጸር ነው። የጦርነቱን ዳፋ በተመለከተ ይህ ወረቀት ተመልሶ ይመጣል።

ነዳጅ፣ ሰላምና ዶላር

የማንሺያ የቤት ዋጋ ከፍ እንዲል ያደረጉት ሦስት የገንዘብ ምንጮች ናቸው።

የመጀመሪያው በባሕረ ሰላጤው አገራት የሚሠሩ ሱዳናውያን ገንዘብ ነው። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሐኪሞች፣ መሐንዲሶች፣ መምህራንና የሒሳብ ባለሙያዎች ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ወደ ኩዌትና ወደ ኤምሬቶች ሄዱ። ያጠራቀሙትን ገንዘብ በአገር ቤት ለማኖር ከመሬትና ከቤት የተሻለ አማራጭ አልነበራቸውም። ባንኮች የማያስተማምኑ፣ ፓውንዱም ዋጋው የሚዋዥቅ ነበር። እናም በዕረፍት ጊዜ ብቻ የሚታዩ ባለቤቶች ያሏቸው ቤቶች በሰፈሩ በዙ። የተለመደው አሠራር ቤተሰቡ ምድር ቤቱን ይዞ ቀስ በቀስ ለወንድ ልጆቹ አንድ አንድ ፎቅ መጨመር ነው፤ ልጆቹ እስኪያገቡ ፎቁ ይከራያል።

ሁለተኛው ነዳጅ ነው። ሱዳን ነዳጅ ወደ ውጭ መላክ የጀመረችው በ1999 ነበር። የነዳጁ ገንዘብ የመንግሥት ባለሥልጣናትን፣ ተቋራጮችንና አስመጪዎችን አበለጸገ። በካርቱም ረጃጅም ሕንጻዎች፣ የገበያ ማዕከሎችና የግል ሆስፒታሎች በአጭር ጊዜ ተሠሩ። በአርከዊት አካባቢ የሚገኘው የአፍራ የገበያ ማዕከል የዚያ ዘመን ምልክት ነው። ሁለቱ አባዮች በሚገናኙበት ሙግራን ላይ የተጀመረው የሱኑት ፕሮጀክትም ካርቱምን እንደ ዱባይ የማድረግ ሕልም ተሸክሞ ነበር።

ሦስተኛው ሰላሙ ያመጣው የውጭ ሰው ነው። በጥር 2005 የሱዳን መንግሥት ከደቡቡ የነጻነት ንቅናቄ ጋር አጠቃላዩን የሰላም ስምምነት ሲፈራረም የተባበሩት መንግሥታት ተልዕኮ፣ የረድኤት ድርጅቶች እና ኤምባሲዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ካርቱም አመጡ። ለአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ የሆኑት አል-ዓማራት፣ አል-ሪያድ፣ አል-ጣኢፍ እና ማንሺያ ተመራጭ ሆኑ። ኪራይ በዶላር፣ ያውም የብዙ ወራት ቅድመ ክፍያ ይጠየቅበት ጀመር። ጄኔሬተር፣ የውሃ ታንከር እና ጥበቃ ያለው ቤት አከራይ የሆነ ጡረተኛ ከሚኒስትር ደመወዝ የላቀ ገቢ ማግኘት ቻለ።

ይህ ለባለቤቶቹ በረከት፣ ለሌሎች ደግሞ ፈተና ነበር። በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ወይም ወጣት ሐኪም ወላጆቹ ባደጉበት ሰፈር ቤት የመከራየት አቅም አጣ። ወጣት ባለትዳሮች ወደ ከተማዋ ደቡባዊና ምሥራቃዊ ዳርቻዎች ተገፉ። ብዙ ነባር ባለይዞታዎችም ቪላቸውን አፍርሰው በአፓርትመንት ተኩ፤ አንዳንዶቹም ሸጠው ርካሽ ወደሆነ ሰፈር በመሄድ በልዩነቱ ንግድ ጀመሩ።

ድልድዩና ማዶ ያለው ሕዝብ

እስከ አዲሱ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከማንሺያ ወደ ማዶ ለመሻገር በሌሎች ድልድዮች ዞሮ መሄድ ያስፈልግ ነበር። በ2000ዎቹ የተሠራው የማንሺያ ድልድይ ሰፈሩን ከምሥራቅ ናይል አካባቢ ጋር በቀጥታ አገናኘው።

ማዶ ያለው ሕዝብ ግን የተለየ ታሪክ አለው። በ1956 በተደረገው የመጀመሪያው የሕዝብ ቆጠራ ሦስቱ የካርቱም ከተሞች በድምሩ 250 ሺህ ገደማ ነዋሪ ብቻ ነበራቸው። በ2008ቱ ቆጠራ የካርቱም ግዛት ነዋሪ 5.27 ሚሊዮን ደረሰ። የጨመረው ሕዝብ በውልደት ብቻ የመጣ አይደለም። በ1980ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ከዳርፉርና ከኮርዶፋን፣ ጦርነት ደግሞ ከደቡብና ከኑባ ተራሮች መቶ ሺህዎችን ወደ ዋና ከተማዋ ገፍቷል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ከሰፈሩባቸው ቦታዎች አንዱ ሐጅ ዩሱፍ ነው።

ድልድዩ ሁለት ተቃራኒ ውጤቶች ነበሩት። በአንድ በኩል የቤት ሠራተኞች፣ ዘበኞች፣ አትክልተኞችና የግንባታ ሠራተኞች ከማዶ እየተመላለሱ መሥራት ቻሉ። በሌላ በኩል የማዶው መሬት ለከተማዋ ቅርብ በመሆኑ ዋጋው ናረ፤ የምሥራቅ ጀሪፍ እርሻዎችም የሪል ስቴት ዓይን ውስጥ ገቡ። የማንሺያ ብርቅዬነት ግን አልቀነሰም። የወንዝ ዳር ቦታ እንደ ጡብ አይመረትም፤ ያለው ይኸው ነው።

ወንዙ ራሱ ዋጋም ስጋትም ነው። በ1946 እና በ1988 ካርቱም በጎርፍ ክፉኛ ተጎድታለች። በ2020 የጥቁር አባይ ከፍታ ልኬት ከተጀመረ ወዲህ ከታየው ሁሉ በልጦ ሱዳን የሦስት ወር አስቸኳይ ጊዜ አውጃለች፤ ከ100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ጉዳቱ የከፋው በአሸዋ ጆንያ ጎርፉን ለመገደብ በሞከሩት በዝቅተኛ ቦታ ያሉ መንደሮች ላይ ነበር።

‘ቤተ መንግሥቱ እና ማንሺያ’

በሱዳን ፖለቲካ ውስጥ ‘ማንሺያ’ የሰፈር ስም ብቻ አልነበረም። የ1989ኙ መፈንቅለ መንግሥት ርዕዮተ ዓለማዊ መሪ የነበሩት ሐሰን አል-ቱራቢ መኖሪያ እዚሁ ነበር። በታኅሣሥ 1999 ፕሬዝዳንት ኦማር አል-በሽር ፓርላማውን በትነው አፈ ጉባኤውን ቱራቢን ከሥልጣን ሲያርቁ የአገዛዙ ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። የሱዳን ጋዜጦች ክፍፍሉን ‘ቤተ መንግሥቱ እና ማንሺያ’ እያሉ መጥራት ጀመሩ። ቤተ መንግሥቱ የበሽር፣ ማንሺያ ደግሞ በ2000 ሕዝባዊ ኮንግረስ ፓርቲን የመሠረቱት የቱራቢ ወገን ማለት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት የቱራቢ ቤት የጋዜጠኞች፣ የዲፕሎማቶችና የደኅንነት ሰዎች መመላለሻ ሆነ። በግንቦት 2008 የዳርፉር አማጺያን ኦምዱርማንን ካጠቁ በኋላም ቱራቢ ታስረው ነበር። እሳቸው በመጋቢት 2016 አርፈዋል።

የፖለቲካው ቅርበት ለቤት ገበያው ትርጉም ነበረው። በበሽር የሠላሳ ዓመት ዘመን መሬት ታማኝነትን መሸለሚያ ነበር። የባለሥልጣናትና የዘመዶቻቸው ስም በምርጥ ሰፈሮች መዝገብ ላይ በዛ። በሚያዝያ 2019 አገዛዙ ሲወድቅ በዚያው ዓመት መጨረሻ የወጣ ሕግ የቀድሞውን ሥርዓት መዋቅር የሚያፈርስ ኮሚቴ አቋቋመ፤ ኮሚቴውም በርካታ ቦታዎችንና ሕንጻዎችን ለመንግሥት መመለሱን ያስታውቅ ነበር። ከጥቅምት 2021ዱ መፈንቅለ መንግሥት በኋላ ግን ሥራው ቆመ። በዚህ መሀል ገዢዎች አንድ ትምህርት ወሰዱ፤ ሰነዱ በትክክል ወጥቶ ሳለ እንኳ ቦታው የተገኘበት መንገድ ከፖለቲካው ጋር ሊገለበጥ ይችላል።

ፓውንድ ሲወድቅ ቤት ሲወደድ

ደቡብ ሱዳን በሐምሌ 2011 ነጻ ስትወጣ ካርቱም ከነዳጅ ሀብቷ ሦስት አራተኛ ያህሉን አጣች። ኢኮኖሚው ሲደክም የቤት ዋጋ ይወርዳል ተብሎ ቢጠበቅም በፓውንድ ሲሰላ የሆነው ተቃራኒው ነው። ሰዎች እየቀለለ ከሚሄድ ገንዘብ ለመሸሽ ወደ መሬት፣ ወደ ወርቅና ወደ መኪና ዞሩ።

በ2018 የጥሬ ገንዘብ እጥረት ሲከሰት ባንኮች ወጪን ገደቡ። በዚያን ጊዜ አንድ ቤት በቼክ ሲከፈልና በጥሬ ገንዘብ ሲከፈል የተለያየ ዋጋ ነበረው፤ በቼክ የሚገዛ ሰው የበለጠ ይጠየቅ ነበር። በየካቲት 2021 የሽግግር መንግሥቱ ፓውንዱን ሲያዳክም ይፋዊው የምንዛሪ ተመን በአንድ ጊዜ ከ55 ወደ 375 ፓውንድ ተሻገረ። የዋጋ ግሽበቱም በዚያው ዓመት አጋማሽ ከ400 በመቶ በላይ ሆነ። በዶላር የሚያከራይ የማንሺያ ባለቤት ይህን ማዕበል ተሻገረ፤ በፓውንድ ደመወዝ የሚከፈለው ተከራይ አልተሻገረም።

ሰፈሩ ውስጥ የሚኖረው ማን ነበር?

የማንሺያ ነዋሪ ሲባል በመዝገብ ላይ ያለው ባለቤት ብቻ አይደለም። በአንድ ግቢ ውስጥ ቢያንስ ሦስት ዓይነት ሰዎች ይኖሩ ነበር። አንደኛው ባለይዞታው ቤተሰብ ነው። ሁለተኛው ፎቁን የተከራየው ዲፕሎማት፣ የረድኤት ሠራተኛ ወይም ነጋዴ ነው። ሦስተኛው ደግሞ በጓሮ ባለው ሰርቪስ ቤት ወይም በበሩ አጠገብ ባለች ክፍል የሚያድረው ሠራተኛ ነው።

ከሦስተኛው ወገን ብዙዎቹ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያን ነበሩ። የኢትዮጵያውያን ስደት ወደ ካርቱም በደርግ ዘመን የጎላ ሲሆን አል-ዴም የተባለው ሰፈር የሐበሾች መናኸሪያ ሆኖ ቆይቷል። የእንጀራ ቤቶች፣ የቡና መሸጫዎችና የውበት ሳሎኖች በዚያ ይገኙ ነበር። ጀሪፍም በርካታ ሐበሾች ቤት የሚከራዩበት አካባቢ ነበር። በመተማ በኩል የሚሻገሩ ወጣት ሴቶች ደግሞ በብዛት የሚያገኙት ሥራ በሱዳንኛ ‘ሸጋላ’ የሚባለው የቤት ሠራተኝነት ሲሆን ቀጣሪዎቻቸውም እንደ ማንሺያና አል-ሪያድ ባሉ ሰፈሮች የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ።

እነዚህ ሴቶች በሰፈሩ ውስጥ እየኖሩ በሰፈሩ መዝገብ ውስጥ የሉም። የኪራይ ውል የላቸውም፤ የብዙዎቹ የመኖሪያ ፈቃድም ያልተሟላ ነበር። ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡት በአሠሪያቸው ዘንድ፣ በዕቁብ ወይም በሚያምኑት ሰው እጅ ነው። ጦርነቱ ሲነሳ ይህ እምነት ፈተና ላይ ወደቀ። አሠሪዎች በድንገት ሲሸሹ ያልተከፈለ ደመወዝ፣ የተያዘ ፓስፖርትና የተቀመጠ ገንዘብ አብሮ ቀረ። በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ባዶ እጃቸውን በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል።

ጦርነቱ ወደ ሰፈሩ ሲገባ

ማንሺያ ከጦሩ ጠቅላይ መምሪያም ሆነ ከአውሮፕላን ማረፊያው የሚርቀው ጥቂት ኪሎ ሜትሮችን ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት ውጊያው ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ደጃፉ ላይ ነበር። የፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ተዋጊዎች የካርቱምን ምሥራቃዊና ደቡባዊ ሰፈሮች ሲቆጣጠሩ በማንሺያ ዙሪያ ባሉ የሀብታሞች መኖሪያዎች ውስጥም ሰፈሩ።

ለተዋጊዎቹ እነዚህ ቤቶች ሦስት ጥቅም ነበራቸው፤ ከአየር ጥቃት መከለያ፣ ማረፊያ እና የዘረፋ ምንጭ ሆኑ። መጀመሪያ መኪናና ወርቅ፣ ቀጥሎ የቤት ዕቃ፣ በመጨረሻም የበርና የመስኮት ፍሬም፣ ከግድግዳ ውስጥ የተመዘዘ የመዳብ ሽቦ ሳይቀር ተወሰደ። የተዘረፉ ዕቃዎች የሚሸጡባቸው ቦታዎች በሕዝቡ ዘንድ በኃይሉ አዛዥ የቤተሰብ ስም ‘የዳጋሎ ገበያ’ ተባሉ።

ከካርቱም ግዛት ከሦስት ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተፈናቅለዋል። አቅም ያለው ወደ ካይሮ፣ ወደ ባሕረ ሰላጤው ወይም ወደ አዲስ አበባ፣ ሌላው ወደ ፖርት ሱዳንና ወደ ሌሎች የአገሪቱ ከተሞች ሄደ። የቤት ገበያውም አብሮ ተሰደደ ማለት ይቻላል። የመንግሥት ጊዜያዊ መቀመጫ በሆነችው ፖርት ሱዳን ኪራይ አሻቀበ። በካይሮና በጊዛ ሱዳናውያን በበዙባቸው ሰፈሮችም የኪራይ ዋጋ ንሮ ከነባሩ ነዋሪ ጋር ቅሬታ ፈጠረ። በማንሺያ አከራይ የነበሩ ቤተሰቦች በሌላ አገር ተከራይ ሆኑ።

የማንሺያ ድልድይ ለፈጥኖ ደራሽ ኃይሉ ከምሥራቅ ናይል ጋር የሚያገናኝ ወሳኝ መስመር ነበር። ጦሩ በመጋቢት 2025 በመዲናዋ ባካሄደው ዘመቻ መጋቢት 21 ቤተ መንግሥቱን፣ በቀጣዮቹ ቀናትም ድልድዩንና አውሮፕላን ማረፊያውን ያዘ። ግንቦት 20 ደግሞ መላውን የካርቱም ግዛት መቆጣጠሩን አስታወቀ።

መመለስ ለማን ይቻላል?

የተባበሩት መንግሥታት በሐምሌ 2025 እንዳስታወቀው በመላ ሱዳን 1.3 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ወደ ቀያቸው ተመልሰው ነበር። ወደ ካርቱም የሚመለሱትም ከወር ወር ጨምረዋል። ተመላሾቹን የጠበቃቸው ግን የተቋረጠ መብራት፣ የተበላሸ የውሃ መስመር፣ ያልፈነዳ ተተኳሽ እና የኮሌራ ወረርሽኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው ዕጣ በሦስት ነገሮች ላይ ይመሠረታል።

አንዱ ገንዘብ ነው። ሽቦው ተነቅሎ፣ በሩ ተወስዶ፣ ታንከሩ ተበስቶ የተገኘን ቤት ለመኖሪያ ማብቃት ብዙ ወጪ ይጠይቃል። በ2025 በትይዩ ገበያ አንድ ዶላር ከ3 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲመነዘር ይህን ወጪ የሚችለው በውጭ ምንዛሪ ገቢ ያለው ነው። በስደት ላይ ያለውን ንብረት ጨርሶ የተመለሰ ጡረተኛ ሐኪም ወይም መምህር የአባቱን ቤት ይዞ መጠገኛ ሊያጣ ይችላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ጥሬ ገንዘብ የያዘ ገዢ ይመጣል፤ ደላላውም አብሮ።

ሌላው ሰነድ ነው። በርካታ ቤቶች እስካሁን በሞቱ አባቶች ስም የተመዘገቡ ናቸው። ወራሾቹ አንዱ በካይሮ፣ ሌላው በሪያድ፣ ሦስተኛው በለንደን ሊሆኑ ይችላሉ። በሸሪዓ ሕግ መሠረት የሁሉም ድርሻ ተሰልቶ የሁሉም ስምምነት ካልተገኘ ቤቱን መሸጥም ሆነ ማስያዝ አስቸጋሪ ነው። በስደት ላይ ያለ ባለቤት ደግሞ የሚሸጠው በውክልና በመሆኑ ለሐሰተኛ ውክልና በር ይከፈታል። ባለሙያዎች ከጦርነት በኋላ በየአገሩ የታየውን ሲያነሱ የቤይሩት፣ የባግዳድና የሳራዬቮ ታሪክ አንድ ነገር ያሳያል፤ ጦርነት ሲያበቃ የመጀመሪያው ረጅም ሙግት የቤት ባለቤትነት ሙግት ነው።

የመጨረሻው ደግሞ በመዝገብ የሌሉት ሰዎች ጉዳይ ነው። ቪላ የነበረው ቢያንስ ‘ቤቴ’ የሚለው ሰነድ አለው። ማዶ ሰነድ በሌለው ቤት ይኖር የነበረ የቀን ሠራተኛ፣ በሰርቪስ ቤት ታድር የነበረች ኢትዮጵያዊት ወይም ወንዝ ዳር ጡብ ይተኩስ የነበረ ወጣት ግን ለመጠየቂያ የሚያቀርበው ወረቀት የለውም። የግዛቱ አስተዳደር በ2025 ሕገ ወጥ የተባሉ ሰፈሮችን ማፍረስ ሲጀምር ጉዳዩ ሩቅ እንዳልሆነ ታይቷል።

የወንዝ ዳር ሰፈሮች ዕጣ

እንግሊዛዊቷ የማኅበረሰብ ጥናት ባለሙያ ሩት ግላስ በ1964 በለንደን ያየችውን ለውጥ ለመሰየም ‘ጀንትሪፊኬሽን’ የሚለውን ቃል ፈጠረች። ገቢው የተሻለ ነዋሪ ወደ አንድ ሰፈር ሲገባ ቤቱ ይታደሳል፣ ዋጋው ይንራል፣ ነባሩም እየተገፋ ይወጣል። ከዚያ ወዲህ ቃሉ በሐይቅ፣ በወንዝና በባሕር ዳር ላሉ ሰፈሮችም ጭምር በመላው ዓለም ውሏል። ውሃ የሚታይበት መስኮት በየትኛውም ከተማ ይወደዳል።

የማንሺያ መንገድ ከለንደኑ የተለየ ነው። በመጀመሪያው ዙር የተገፋው ሰፈሩ ሲመሠረት ያርስ የነበረው ገበሬ ነው። በሁለተኛው ዙር የነዳጅና የዶላር ዘመን ደመወዝተኛውን ገፋ። በሦስተኛው ዙር ደግሞ መሣሪያ ሀብታሙንም ድሃውንም በአንድነት አስወጣ። የተመላሾቹ ማንነት አራተኛውን ዙር ይወስናል።

ለካርቱም ውሳኔ ሰጪዎች ያለው ምርጫ የታወቀ ነው። የመሬት መዝገቡን ጠብቆ በጦርነቱ ወቅት የተፈጸሙ ሽያጮችን በጥንቃቄ መመርመር፣ ወራሾች በያሉበት አገር ድርሻቸውን የሚያረጋግጡበትን አሠራር መዘርጋት፣ ሰነድ ለሌላቸው ነዋሪዎችም ከማፍረስ በፊት መጠለያና ካሳ ማሰብ። እነዚህ ካልተሟሉ ሰፈሩ መልሶ ቢታደስም የሚታደሰው በጦርነቱ ላተረፉት ይሆናል።

ጥቁር አባይ ግን እንደ ቀድሞው ይወርዳል። የማንሺያን ግድግዳ ያቆመው ጡብ ከኢትዮጵያ በመጣ ደለል የተሠራ ነው፤ ጓዳውን ያጸዱትም ከዚያው ወንዝ መነሻ የመጡ ሴቶች ነበሩ። የሰፈሩ የወደፊት ታሪክ ሲጻፍ በመዝገቡ ላይ ስማቸው ያለውን ብቻ ሳይሆን ስማቸው ያልሰፈረውንም መቁጠር ይኖርበታል።